ሁለት ቶሎ፣ አንድ ቆይቶ

ታላቅ ወንድሜ በር የሚያንኳኳበት የራሱ ስልት ነበረው። ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ከዚያ ትቶት የሄደ እስኪመስል ዝም ብሎ ይቆይና ሦስተኛዋን ይጨምራል። እማዬ ወጥ ቤት ሆና በእጇ የያዘችውን፣ ማማሰያም ይሁን የድስት ክዳን፣ ግድግዳው ላይ አንዴ ጓ ታደርግለታለች። ግባ ማለቷ ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ ነው። አባዬ፣ «የገዛ ቤቱን አስፈቅዶ የሚገባ ልጅ ያለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ነገ ደግሞ ለእራት ቀጠሮ ይጠይቀናል» እያለ ይቀልድበት ነበር።

እኔን «ቁንጫ» ነበር የሚለኝ። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል፣ ገና የፊት ጥርሶቼን እየለወጥኩ የነበርኩ ልጅ ነኝ። እሱ ትልቅ ሰው ነው፤ ጢም አለው፣ ሲጋራ ተደብቆ ያጨሳል፣ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። ድብብቆሽ ስንጫወት ግን ከኔ የባሰ ልጅ ነው። አንዴ ግቢውን ሙሉ ፈልጌ አጣሁት። አልጋ ሥር የለም፣ ከበርሜሉ ጀርባ የለም። ማልቀስ ስጀምር ከጀልባችን ውስጥ ሁለት ቶሎ፣ አንድ ቆይቶ ተንኳኳ። የጀልባዋ አፍንጫ ጋ ገመድ የሚቀመጥባት ጠባብ ጓዳ አለች፤ ያን ሁሉ ቁመት አጣጥፎ እዚያች ውስጥ ገብቶ፣ ክዳኑን ከውስጥ ስቦ ዘግቶት ነበር። ወገቡን ይዞ እየሳቀ ወጣና፣ «አንቺ ቁንጫ፣ እኔ ካላዘንኩልሽ እስካሁን ትፈልጊ ነበር» አለኝ።

በኋላ የመጣውን ሁሉ የተረዳሁት በዚያች ጓዳ በኩል ነው። በልጅ አእምሮዬ ሌላ መረጃ አልነበረኝም።

አባዬ የፋይበር ግላስ ሠራተኛ ነበር። የውሃ ታንከር፣ የመታጠቢያ ገንዳ፣ የጀልባ ሆድ፣ የተሰነጠቀና የተበሳ ነገር ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። የኛዋ ጀልባ ባለቤቶቿ ሰልችታቸው የጣሏት፣ በዕድሜ እኔን ብዙ የምትበልጥ አሮጊት ነበረች። ከዓመት በፊት ድንጋይ ላይ ወጥታ ሆዷ ሲቀደድ አባዬ ራሱ ጠግኗታል። ጥገናው የትሪ ስፋት ያለው ነጭ ልጥፍ ሆኖ ከመቀመጫው ሥር ይታያል። ወንድም ጋሼ «የአባዬ ማህተም» ይለው ነበር።

ወንድም ጋሼ በዚያ ሰሞን ጠባዩ ተለውጦ ነበር። ይህን የምለው አሁን ነው፤ ያኔ ለኔ ደግ የሆነበት ሰሞን ነበር። ባለቀለም እስክሪብቶዎቹን በሙሉ፣ ማንም እንዲነካበት የማይፈልገውን አረንጓዴውን ጭምር፣ ሰጠኝ። ሬዲዮውን ለጎረቤት ልጅ ሰጠ። ቀን ይተኛል፤ ምሳ ሲቀርብ የራሱን ድርሻ ቀስ አድርጎ ወደኔ ሳህን ይገፋልኛል። እኔ ምን ገዶኝ፣ እበላለሁ። አንድ ቀን በጠዋት ጀልባዋን ይዞ ወጣ። በማግስቱ ጀልባዋ ብቻዋን ተመለሰች።

ይዟት የመጣው የወደቡ ዘበኛ ነው፤ በተጎታች ጭኖ ግቢያችን አስገባት። እማዬ ቤት ውስጥ ሴቶች ከበዋት ነበር። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ እያሻሸ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውሃው መሀል ቀጥ ብላ ቆማ ነው ያገኘናት። ጠብታ ውሃ የለባትም። ውስጧ ያለውንም እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም» አለ።

«አትናገር» አለው አባዬ።

አባዬ ጎኗን ተንጠላጥሎ ገባ። እኔም የተጎታቹ ጎማ ላይ ቆሜ አየሁ። የወንድም ጋሼ ጫማዎች ከመቀመጫው ሥር ጎን ለጎን፣ ልክ መኝታ ቤት ደጃፍ እንደሚያወልቃቸው ተቀምጠዋል። ካልሲዎቹ ተጠቅልለው አንደኛው ጫማ ውስጥ ናቸው፤ የእጅ ሰዓቱም ካልሲው ውስጥ ነው። አባዬ ሁሉንም በሥራ ሽርጡ ጠቅልሎ የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከታች ቀበራቸው።

«ወንድም ጋሼ ባዶ እግሩን ነው እንዴ?» አልኩት።

ያየኝ ገና ያኔ ነው። «ስለ ጫማው ለእማዬ አትነግሪያትም። እሺ የኔ ልጅ?»

እሺ አልኩ። እማዬ ባዶ እግር መሄድ ስለማትወድ እንዳትቆጣው ብሎ ነው የመሰለኝ።

የእማዬን ታናሽ፣ አክስቴን፣ ወንድም ጋሼ የት እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ሄዷል እናቴ፤ ይመጣል» አለችኝና ፊቷን አዞረች። እኔ ግን አሰብኩበት። ጀልባዋ መጥታለች። ጫማው መጥቷል። ባዶ እግሩን ያለ ሰው ሩቅ አይሄድም። ሰው በማያየኝ ሰዓት የአፍንጫዋን ጓዳ ከፍቼ አየሁ፤ ገመድ ብቻ ነው። እንግዲህ ሌላ መደበቂያ አግኝቷል ማለት ነው፤ ከወለሉ ሥር ወይም ከዚያ የባሰ፣ እኔ የማላውቀው ቦታ። ለማንም አልተናገርኩም። ጨዋታው የኔና የሱ ነው።

እማዬ መብላት አቆመች። የሚመጣውን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ «ያን ቀን ጠዋት የተቆጣሁት እኮ ስለ አልጋው ነው። አልጋህን አንጥፍ ነው ያልኩት። በአልጋ ምክንያት ሰው እንዲህ ይሆናል?» ሰዎቹ፣ «ኧረ ተይ፣ አንቺ ደግሞ» ይሏታል። ከዚያ ደግሞ፣ «ሬዲዮውን ለምን ሰጠ? ይወደው የለ እንዴ?» ትላለች። ያን ጊዜ ሰዎቹ ነጠላቸውን ማስተካከል ይጀምራሉ። እኔ መልሱን የማውቅ መስሎኝ፣ «ደግ ስለሆነ ነው እማዬ፤ ለኔም እስክሪብቶ ሰጥቶኛል» አልኳት። እስክሪብቶዎቹን ካላሳየሽኝ አለች። አመጣሁላት። አንድ በአንድ እያገላበጠች አየቻቸው፤ አረንጓዴው ጋ ስትደርስ ያወጣችውን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ።

አባዬ ያን ዕለት ማታ፣ «ጀልባዋን ፈትሻታለሁ። ጥፋቱ የሷ ከሆነ አይደበቀኝም» አላት። ከሥራ ፈቃድ ወሰደና ጀመረ።

መጀመሪያ ያደረገው ጀልባዋን በቧንቧ ጎማ ውሃ መሙላት ነው። የሚያፈስ ጀልባ እንዲህ ነው የሚታወቀው፤ ከውስጥ ሞልተው ከውጭ ይጠብቃሉ። አባዬ ሆዷን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ሥሯ ቁጢጥ አለ፤ ልጥፉን አፍጥጦ ያያል። እኔ ውሃው ለወንድም ጋሼ የሚጠጣ ነው ብዬ ደስ ብሎኛል። ፀሐይዋ ግቢውን ለቅቃ ሄደች፤ ልጥፉ እንደ ደረቀ ነው። አንዲት ጠብታ የለም። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማ፣ «ታፈሳለች?» አለችው።

«ገና ነው» አላት ቀና ሳይል።

የጠገናት ጀልባ አላፈሰሰችም ብሎ የሚያዝን ሠራተኛ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ዛሬ እኔም በዚሁ ሥራ ነው የምኖረው፤ የውሃ ታንከር እሠራለሁ። አባዬ ምን ይፈልግ እንደነበር የገባኝ ግን ሙያውን ስማር አይደለም። አንድ ቀን ታንከር ውስጥ ለመግባት ጫማዬን አውልቄ፣ ሰዓቴን ፈትቼ ካልሲዬ ውስጥ ስጠቀልል እጄ ቀጥ አለ። ድንገት ውሃ የወሰደው ሰው እንዲህ ለማድረግ ጊዜ የለውም። አባዬም ይህን ያወቀው በመጀመሪያዋ ቀን ነው፤ ጀልባዋን የመረመረው ጫማውን ሊያስተባብል ነበር። አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነበር የሚለምናት።

ቀጥሎ ወደ ወለሏ ሄደ። መሀሏ ላይ ስትረግጡት እንደ ፍራሽ የሚሰምጥ ቦታ ነበር። አባዬ የላይኛውን ፋይበር በግራይንደር ቀዶ እንደ ምንጣፍ ሲገልጠው እኔ ከእራት ያስቀረሁትን ዳቦ በኪሴ ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ወንድም ጋሼ እርቦት ይሆናል። ከሥር የወጣው ግን የጠቆረ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ኮምፔንሳቶና የረግረግ ሽታ ነው። አባዬ አንድ ቁራጭ አንስቶ ጨመቀው፤ ቡናማ ውሃ ወጣው። ለአፍታ ፊቱ በራ። ከዚያ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣና ወረወረው። እንዲህ ያለ ብስባሽ የሌለው አሮጌ ጀልባ የለም፤ ወለል ሰመጠ ብሎ የሚሞት ሰውም የለም።

የበሰበሰውን ጠርጎ አውጥቶ አዲስ ኮምፔንሳቶ አስገባ። ፋይበሩን ቆርጦ ሬዚን የሚባለውን ፈሳሽ ሙጫ እያጠጣ፣ አየሩን በሮለር እያስወጣ ደራርቦ ለጠፈው። ግቢው ሁሉ ያንን ጣፋጭ የሚመስል፣ ራስ የሚያዞር ሽታ ሸተተ። እጁን ሊታጠብ ሲሄድ መዳፌን ወለሉ ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል። እንደ ሰው ሰውነት ይሞቃል። ሬዚን ሲደርቅ እንደሚግል ዛሬ ለረዳቶቼ በየቀኑ የምናገረው ነው፤ አንዱ ባለፈው ወር ጣሳውን አቅፎ ተቃጥሏል። ያኔ ግን ወንድም ጋሼ ከሥሩ ተኝቶ ወደ ላይ እየተነፈሰ መሆኑን ለመጠራጠር አንድም ምክንያት አልነበረኝም። ዳቦውን ጠርዙ ላይ አስቀምጬለት ገባሁ። ጠዋት ስነሳ ዳቦው የለም። ግቢያችን ውስጥ ስንት ወፍ እንደነበረ አሁን ነው የማስበው።

ከዚያ የአባዬ የሥራ ጓደኞች መጥተው ጀልባዋን ገለበጧት። በርሜሎች ላይ በግንባሯ ተደፋች፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ሥሯ መግባት ይችላል። አባዬ ቀለሟን ፋቀ። መጀመሪያ በግራይንደር፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ በእጁ፣ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ። ነጭ ብናኙ ቅንድቡ ላይ ይቀመጣል። የፋይበር ብናኝ የገባበት ክንድ እንዴት እንደሚያሳክክ የነካው ያውቀዋል፤ ድሮ እማዬ ማታ ማታ ክንዱን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጥብለት ነበር። በዚያ ሰሞን እያከከ ነበር የሚተኛው።

ፋቆ ሲጨርስ ትንሿን መዶሻ ገልብጦ ያዘና በእንጨት እጀታዋ ሆዷን መምታት ጀመረ። ይመታል፣ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ ይመታል።  አባዬም አውቋል! እሱም እየፈለገው ነው! ግን እንደኛ ሳይሆን እንደ ባዕድ በዘፈቀደ ነው የሚያንኳኳው፤ ለዚህ ነው ወንድም ጋሼ የማይመልስለት።

እውነቱን ከሱው ተምሬዋለሁ። ጤነኛ ፋይበር ሲመቱት ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ ውስጡ የለቀቀ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። አባዬ አንድ የታፈነ ድምፅ ነበር የሚፈልገው። ልጥፉ ላይ ሲደርስ ዙሪያውን ደጋግሞ መታው፤ ከሌላው የበለጠ ጥርት ብሎ ጮኸ። ቁጭ አለ። ግንባሩን ሆዷ ላይ አስደግፎ ብዙ ቆየ።

በማግስቱ አባዬ ሬዚን ሊገዛ ወጣ። እማዬ መኝታ ቤት ተኝታለች ተብሏል። ፀሐይዋ ከጀልባዋ ማዶ ዝቅ ብላለች። ቀለሙ የተፋቀ ፋይበር ብርሃን ያሳልፋል፤ ሆዷ ሁሉ ቀጭን ሻይ መስሎ በርቷል። መሀሉ ላይ ጥላ አለ። የተቀመጠ ሰው ጥላ፤ ጉልበቱን አቅፏል፣ አንገቱን ደፍቷል።

አልሮጥኩም፣ አልጮህኩም። ሁሌም የማውቀው ነገር ነበር። የአባዬን መዶሻ አነሳሁና በእጀታዋ መታሁ። ሁለት ቶሎ። ቆየሁ፤ እሱ እንደሚቆየው ቆየሁ። ከዚያ ሦስተኛዋን።

ጥላው ቀና አለ። እንደ ድንጋይ ደርቆ ቆየ። ከዚያ ከውስጥ፣ ከእጄ ፊት ለፊት፣ አንዴ ተመታ።

ያን ጊዜ ነው የሮጥኩት፤ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት አላውቅም። አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ብርድ ልብስ ተከናነብኩ። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ካደግኩ በኋላም፣ ከወለድኩ በኋላም፣ ለዚያች አንድ ምት ማብራሪያ አልነበረኝም። ለባለቤቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቀን ቀን የተገለበጠችው ጀልባ ሥር ነው የምውለው። አባዬንና አክስቴን የሰማኋቸው እዚያ ሆኜ ነው፤ እግራቸው ብቻ ይታየኛል።

«አንተ ሰውዬ፣ እህቴ እየሞተች ነው» አለችው አክስቴ። «ውሃ እንኳ ተቆጣጥሬ ነው የማጠጣት። ምክንያት ነው የቸገራት። ምክንያት ካላገኘች ራሷን ነው ምክንያት የምታደርገው። አድርጋዋለች እኮ!»

«ጀልባዋ ምንም የላት» አለ አባዬ። «ከላይ እስከ ታች አይቻታለሁ። ደህና ናት።»

«እና ሄደህ ደህና ናት ልትላት ነው?»

 የአባዬ ጫማ አፍንጫ አፈሩን ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል። ከዚያ፣ «ነገ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ስትመለሱ እነግራታለሁ» አላት።

እኔ ደስ አለኝ። ጀልባዋ ደህና ናት ብሏላ። ወንድም ጋሼም ደህና ነው ማለት ነው።

በማግስቱ እማዬና አክስቴ እንደወጡ አባዬ የግቢውን በር ቆለፈ። ልጥፉ ጋ ቆመ። እጁን ልጥፉ ላይ አድርጎ አንድ ነገር አለ፤ አልሰማሁትም። ከዚያ ግራይንደሩን አስነሳና ልጥፉን ከነሆዷ መሀል ለመሀል ቀደደው። ድምፁ ጥርስ ይነቅላል። የቆረጠውን በመዶሻ ሰበረ፣ ጠርዙን ቀጥቅጦ አሻከረው፣ ያገለገለ የሞተር ዘይትና ጭቃ ለውሶ ቀባው፣ በውሃ አጠበው፣ ደግሞ ቀባው። የኔ ጭንቅላት የሚገባበት ቀዳዳ ወጣ።

ሄጄ በቀዳዳው ወደ ውስጥ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ና ውጣ!» አልኩ። የራሴ ድምፅ ተመለሰልኝ።

አባዬ የአፍ መሸፈኛውን አወረደ። ብናኙ ፊቱ ላይ ተጋግሯል፤ ከዓይኑ ሥር ብቻ እርጥብ መስመር አለ። «ምን አየሽ ቁንጫ?» አለኝ። በዚያ ስም ጠርቶኝ አያውቅም ነበር፤ የወንድም ጋሼ ነው።

«በር ሠራህለት።»

ጎተተኝና ጭንቅላቴን ደረቱ ላይ ለጠፈው። «አዎ። በር ነው። ለእማዬ ግን እኔ የሠራሁት ነው አትበያት። እሺ?»

እንደገና እሺ አልኩ።

እማዬ በአክስቴ ተደግፋ ስትመለስ አባዬ እጇን ይዞ ወሰዳት። ክንዷን እስከ ክርኗ ቀዳዳው ውስጥ አስገባች። «ይሄ ነው?» አለች።

«ይሄ ነው። ልጥፌ ለቋል። በደንብ ሳልፍቀው ነበር የለጠፍኩት። ቸኩዬ። ውሃ አስገብቶባት ነው፤ እሱ ዋኝቶ ሊወጣ ሲል ዳሩ ራቀበት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ስለ አልጋው አይደለም?»

«ምን አልጋ አለ! አይደለም።»

«እሱ... ፈልጎ አይደለም?»

«አይደለም አልኩሽ!» ብሎ ጮኸ። «የኔ ሥራ ነው! እይው እንጂ!»

እማዬ አየችው። ከዚያ በሁለት እጇ ደረቱን ትደበድበው ጀመር። አክስቴ ልትይዛት ስትል አባዬ በእጁ ከለከላት። እጆቹን ወደ ታች ለቅቆ፣ እስኪደክማት ድረስ ቆመላት። ያን ዕለት ማታ እማዬ ሾርባ ጠጣች። በማግስቱ ዳቦ በላች። በሳምንቱ ፀጉሯን ተሠራች።

ከአባዬ ጋር ግን አንድ ገበታ ላይ ዳግም አልተቀመጠችም። አልጋው ወደ መሣሪያ ክፍሉ ሄደ። ስትጠራው «ሰውዬው» ነበር የምትለው፤ «ለሰውዬው ምሳውን ውሰጂለት።» እኔም አኮረፍኩት፤ ቀዳዳውን መልሶ ደፍኖ፣ ጀልባዋን በነጭ ቀለም አሳምሮ ቀብቶ ወንድም ጋሼን ስለዘጋበት። ጀልባዋ ውሃ ሳትነካ፣ ሰውም ሳይወጣባት ግቢው ጥግ ቀረች። አባዬ ክንዱን እያከከ አረጀ፤ አምና፣ በዚያው ክፍል ውስጥ፣ ሞተ።

ባለፈው ሳምንት እማዬ ደውላ፣ «ያቺ ጀልባ ቀለሟ ተላልጧል አሉኝ። ሳልሞት አድሺልኝ» አለችኝ። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ቀለሙን የነገራት ሰው መሆን አለበት። መሣሪያዬን ጭኜ መጣሁ። ከሁለት ረዳቶቼ ጋር ገለበጥናት፤ እነሱን ሸኝቼ ለብቻዬ ፋቅኳት።

የአባዬን የመጨረሻ ጥገና ስፍቅ ከሥሩ የቀዳዳው ጠርዝ ብቅ አለ። የተቀጠቀጠ ነው፣ ጥቁር ነው፤ አንዱ ማዕዘን ላይ ግን የግራይንደሩ ዲስክ አልፎ የሄደባት ቀጥ ያለች ጭረት ቀርታለች። ያሰበበትን ሁሉ አበላሽቶ ያቺን አላያትም። ከቀዳዳው ጎን የአሮጌው ልጥፍ ግማሽ፣ የአባዬ ማህተም፣ አሁንም አለ። በመዶሻ እጀታ መታሁት፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። ያየሁትን ያኔም አይቼዋለሁ፤ ዓይኔ ሥር ነው የሆነው። ግን ያ ሰውዬ በሕይወቱ የሠራው ብቸኛ መጥፎ ሥራ ያ ቀዳዳ እንደነበረ ለመረዳት የኔም ክንድ በዚህ ብናኝ እስኪያሳክክ መጠበቅ ነበረብኝ። ጀልባዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ቆሜ ልነግራት ወሰንኩ። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት ባሏን ሳታውቀው ትሙት እንዴ?

ወደ ማታ ላይ በከዘራዋ እየዳበሰች መጣች። «የት ጋ ነበር የለቀቀው?» አለች።

እጇን ይዤ ጠርዙ ላይ አሳረፍኩት። ጣቷ በጭረቷ ላይ አለፈ። አፌን ከፈትኩ።

«አባትሽ እኮ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር» አለች። «አንዲት ቀን ሰነፈና ልጄን አስበላኝ። እኔም ይቅር አላልኩትም። ግን ደግሞ ምን ብዬ አስብ እንደነበር ታውቂያለሽ? ልጄ እኔን ጠልቶ የሄደ ነበር የመሰለኝ። ያ ቀዳዳ ባይገኝ እዚህ አልደርስም ነበር። እዚህ ጋ ነው አይደል?»

«አዎ እማዬ» አልኳት። «እዚህ ጋ ነው የለቀቀው።»

ጎንበስ ብላ ጀልባዋ ሥር ገባች። «ተይ ያምምሻል» ብላት አልሰማችኝም። ፀሐይዋ ከማዶ ዝቅ ብላ ነበር። የተፋቀው ሆድ በራ፤ መሀሉ ላይ ጥላዋን አየሁት። ጉልበቷን አቅፋለች፣ አንገቷን ደፍታለች። በሕይወቴ አንዴ ብቻ ያየሁት፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ሌሊት ያለ እንቅልፍ ያሳደረኝ ጥላ ነው። እጄ ላይ ያለው መዶሻ ከበደኝ።

«ያኔም እዚህ እየመጣሁ እደበቅ ነበር» አለች ከውስጥ። «አባትሽ ሲወጣ። ሰው እንዳያየኝ። አንድ ቀን እንዲህ ተቀምጬ ልጄ መጣ።»

«ማ?»

«ወንድምሽ ነዋ። አንኳኳልኝ። ሁለት ቶሎ፣ አንድ ቆይቶ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ አላበድኩም። ግባ አልኩት፣ አንዴ መትቼ። አልገባም። ግን መጥቶ አንኳኳ፤ የጠላ ሰው ተመልሶ መጥቶ አያንኳኳም። በዚያች ነው የኖርኩት። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ጥላው እጁን አንስቶ የጀልባዋን ሆድ ከውስጥ ዳበሰው፤ ልክ ያኔ የመታሁበት ቦታ ላይ።

«አንቺ እንኳ አታስታውሺም» አለችኝ፤ «ቁንጫ ነበርሽ ያኔ።»

«አላስታውስም» አልኳት።